እሺ ብቻ የምታውቅ ሙሽራ

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርእሳችን አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ሳያሰኝ አይቀርም። ሰውና ሮቦት ይፋቀራሉ ስለሚሉት ልቦለዶችና ፊልሞች እንነጋገራለን። «ይህ ደግሞ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን ልጆቻችን ማታ ማታ በስልካቸው ከሚያዩት አንዱ ይህ ነው። «ሮቦት ማግባት ይቻላልን? ኒካሕስ ይታሰርለታልን?» የሚል ጥያቄ ከወጣቶች ሲሰነዘር ግማሹ ለቀልድ ነው፤ ግማሹ ግን የምር ነው። እኛም የምሩን እንመልሳለን።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ እንዳይመስለን በመጀመሪያ በአገራችን የሆነውን እናስታውስ። በሰኔ ወር 2010 ዓ.ም. መጨረሻ ሶፊያ የተባለችው፣ በሴት አምሳል የተሠራችው ሮቦት አዲስ አበባ መጥታ ነበር። ሠሪዋ ሃንሰን ሮቦቲክስ የተባለው የሆንግ ኮንግ ኩባንያ ነው። ነገር ግን ከምታስብበት ፕሮግራም ከፊሉን የሠሩት አይኮግ ላብስ በተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት ያሉ ወጣት ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ናቸው። ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ2013 ከመሠረቱት አንዱ ጌትነት አሰፋ ይባላል። ሶፊያ ፊቷ ይስቃል፣ ዓይኗ ይርገበገባል፣ ሲያናግሯት ትመልሳለች፤ ለዚህ ጉዞ ደግሞ አማርኛ እንድትናገር ተደርጋ ነበር። ታዲያ ስትመጣ ከአካሏ ከፊሉን የያዘው ሻንጣ ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ጠፋ። እንግዳ ሻንጣው ቢጠፋበት ልብስ ይዋሳል፤ አካሉ የጠፋበት እንግዳ ግን ያን ጊዜ መጀመሪያ ሳይሆን አይቀርም።

ይህችው ሶፊያ ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017፣ ሪያድ ላይ በተደረገ የኢንቨስትመንት ጉባኤ የሳዑዲ ዐረቢያ ዜግነት ተሰጥቷታል ተብሎ ታውጆላት ነበር። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ተገረመ። ያለ ሒጃብና ያለ ወሊይ መድረክ ላይ ቆማ ስትናገር አይቶ የጠየቀ ነበር። ከዚህ ይልቅ ልብ የሚነካው ሌላው ጥያቄ ነው። የሰው ልጅ እያሳደጉ፣ የሰው ቤት እያጸዱ በዚያ አገር ዓመታት ያሳለፉ ስንት የእኛ እህቶች አሉ! ለእነርሱ መውጫና መግቢያው በአሠሪ ፈቃድ በሆነበት አገር ለፕላስቲክ ፊት ዜግነት ታወጀ። ይህን ጥያቄ ለጊዜው እዚህ እናቆየውና ወደ ኋላ እንመለስ።

ሰው የሚመስል ማሽን መሥራት ለሙስሊሙ ዓለም እንግዳ ነገር አይደለም። ኢስማዒል አል-ጀዘሪ የተባለው መሐንዲስ ዛሬ ቱርክ ውስጥ በምትገኘው በዲያርበክር ለአርቱቅ ነገሥታት ያገለግል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1206 ባጠናቀቀው መጽሐፉ በውኃ ክብደት የሚንቀሳቀሱ ብዙ መሣሪያዎችን ከነሥዕላቸውና ከነአሠራራቸው ገልጿል። ከእነዚህ አንዱ ለውዱእ ውኃ የሚያፈስ፣ በአገልጋይ አምሳል የተሠራ ማሽን ነው። ንጉሡ ይህን ያሠራው ባሪያ ወይም ገረድ እጁ ላይ ውኃ እንድታፈስለት ስላልወደደ እንደሆነ አል-ጀዘሪ ራሱ ጽፏል። እንግዲህ ማሽኑ የተሠራው ሰውን ከማገልገል ለማሳረፍ ነበር። ንጉሡ ማሰሮዋን አልወደዳትም፤ ሙሽራም አላላትም።

«ሮቦት» የሚለው ቃል የመጣው ከሌላ ቦታ ነው። ካሬል ቻፔክ የተባለው የቼክ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው ተውኔት ውስጥ ሰው መሰል ሠራተኞችን በዚህ ስም ጠራቸው፤ ቃሉን ያቀበለው ወንድሙ ዮሴፍ ነው። «ሮቦታ» በእነርሱ ቋንቋ ገባር ለጌታው ያለ ክፍያ የሚሠራው የግዴታ ሥራ ነው። አያቶቻችን በጌታው ሁዳድ ላይ ይሠሩት የነበረውን ማለት ነው። ስለዚህ ስሙ ገና ሲወጣ ጀምሮ እምቢ ማለት የማይችል ሠራተኛ የሚል ትርጉም አዝሎ ነው የወጣው። በተውኔቱ መጨረሻ ግን አንድ ወንድና አንዲት ሴት ሮቦቶች ይፋቀራሉ። መፋቀራቸው በምን ታወቀ? ሊቀዳድድ የመጣው ሰው አንዱን ሊወስድ ሲል ሌላው «እሷን ተው፣ እኔን ውሰድ» አለ፤ እሷም እንዲሁ አለች። የታዘዙትን እምቢ ባሉ ጊዜ ነው ሰውዬው ፍቅር መሆኑን ያወቀው።

ልጆቻችን የሚያዩአቸው ፊልሞችም፣ ደኅናዎቹ ማለቴ ነው፣ ከዚህ ብዙም አይርቁም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣውና «ሄር» የተባለው ፊልም ብቸኛ ሰው በስልኩ ውስጥ ያለች ድምፅ ሲያፈቅር ያሳያል። አንድ ቀን በዚህ ሰዓት ከስንት ሰው ጋር እየተነጋገርሽ ነው ብሎ ይጠይቃታል። ከ8,316 ጋር ትለዋለች። ስንቱን ታፈቅሪያለሽ ሲላትም 641 ትለዋለች። በመጨረሻም ትታው ትሄዳለች። «ኤክስ ማኪና» በተባለው የ2014 ፊልም ደግሞ ሮቦቷ የወደዳትን ወጣት ተጠቅማ ከታሰረችበት ካመለጠች በኋላ እሱን ቆልፋበት ትሄዳለች። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ለሙስሊም ቤት የማይመጥን ምስል አለና ወላጅ ማወቅ አለበት። ታሪኮቹ ግን ሞኝ ታሪኮች አይደሉም። ደራሲዎቹ ሁሉ ማሽኗን ተፈቃሪ ለማድረግ ሲፈልጉ መጀመሪያ የሚሰጧት ነገር መሄድ መቻል ነው። እምቢ ማለት የማትችለውን ሴት አድርገው ሊጽፏት ቢሞክሩ እንኳ ታሪኩ አይቆምላቸውም።

ገበያ ላይ ያለው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1966 ጆሴፍ ዋይዘንባውም የተባለ የአሜሪካ የኮምፒዩተር ሊቅ «ኤላይዛ» የምትባል ፕሮግራም አውጥቶ ነበር። ሥራዋ ሰው የጻፈላትን ቃል ገልብጣ በጥያቄ መልክ መመለስ ብቻ ነው። «እናቴ አታዝንልኝም» ብትሏት «ስለ እናትህ ጥቂት ንገረኝ» እንደማለት ያለ። ስትሠራ ወራት ያየችው የሊቁ ጸሐፊ እንኳ ከፕሮግራሟ ጋር ትንሽ እንደተጻጻፈች ክፍሉን ለቅቆ እንዲወጣላት ጠየቀችው። ሰውዬው ደነገጠ። ቀሪ ዘመኑን ያሳለፈውም ሰው በማሽን እንዳይታለል ሲያስጠነቅቅ ነው። ከዚያ ወዲህ እ.ኤ.አ. በ2017 «ሬፕሊካ» የተባለው የስልክ ፕሮግራም መጣ። ሰዎች ስም እያወጡለት፣ ፊት እየመረጡለት ጓደኛም ባለቤትም አደረጉት። በየካቲት 2023 ኩባንያው የፍቅር ጨዋታውን ክፍል ሲዘጋው ብዙዎች ትዳራቸው እንደሞተባቸው አለቀሱ። ጃፓን ውስጥም እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ ሰው በብርሃን ከምትታይ የዘፈን ገጸ ባሕርይ ጋር ሠርግ ደግሶ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግድም መሣሪያውን የሸጠው ኩባንያ አገልግሎቱን አቆመና ሙሽራዋ መልስ መስጠት ተወች። በእነዚህ ሰዎች መሳቅ ቀላል ነው። እንባቸው ግን እውነተኛ እንባ ነበር። ያለቀሱላት ግን አላወቀችም።

ጎንደር እንዲህ ያለውን ታሪክ ከፊልም በፊት ታውቀዋለች። ዛር የወደዳት ሴት፣ ጂን የያዘችው እረኛ ሲባል ያልሰማ የደጋ ልጅ የለም። ሚሼል ሌሪስ የተባለው ፈረንሳዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ከርሞ የዛር ባለውቃቢዎችን ወሬ ደብተር ሙሉ ጽፎ ሄዷል። ዲናችን ከዛር ጋር መዋዋልን እንደሚከለክል ደጋግመን ተናግረናል፤ ዛሬ ወደዚያ አልገባም። እኔ የምፈልገው ዑለማኦች ይህን ዓይነት ጥያቄ እንዴት እንደመለሱት ነው። የሰውና የጂን ጋብቻ ይፈቀዳልን የሚለው ጥያቄ በፊቅህ መጻሕፍት ውስጥ አለ። በድሩዲን አሽ-ሺብሊ ስለ ጂን በጻፈው መጽሐፍ ዘርዝሮታል፤ ኢማም ሱዩጢም አንሥተውታል። ኢማም ማሊክ ስለዚህ ተጠይቀው፣ አንዲት ሴት አርግዛ ስትገኝ ባሏ ማን ነው ስትባል ጂን ነው እንዳትልና ብልግና እንዳይስፋፋ ሲሉ ነገሩን እንደጠሉት ይነገራል። የሰውን ጠባይ የሚያውቅ ሰው መልስ እንዲህ ነው! አብዛኞቹ ሊቃውንት ደግሞ ጋብቻው አይጸናም ያሉት አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ነሕልና በሱረቱ ሩም የትዳር ጓደኞችን ከራሳችን ፈጥሮልናል ማለቱን መሠረት አድርገው ነው። ከራሳችን፤ ከሌላ ፍጥረት አይደለም።

እዚህ ላይ አስተውሉ። ጂን ፈቃድ ያለው፣ የሚያምንና የሚክድ፣ በአኺራ የሚጠየቅ ፍጡር ነው። እርሱ እንኳ ከእኛ ወገን ባለመሆኑ ኒካሑ አይጸናም ከተባለ፣ ፈቃድም ሒሳብም የሌላት፣ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ የምትጠፋ ዕቃ እንዴት ትሆናለች? ኒካሕ ኢጃብና ቀቡል ነው። አንዱ ይሰጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ሁለቱም የሚችሉና የሚመርጡ መሆን አለባቸው። መህሩስ በማን እጅ ይገባል? ለሮቦቷ ብንሰጣት ነገ ባለቤቷ ኩባንያ ነው የሚያነሳው። ስለዚህ ለወጣቶቹ ጥያቄ መልሱ አጭር ነው፤ አይሆንም።

ነገር ግን በዚህ ብቻ ካለፍን ጉዳዩን አልነካነውም። ሰው ለምን እሺ ብቻ የምታውቅ ሙሽራ ይመኛል? ይህ ምኞት ከሮቦት በጣም ይቀድማል። ዲናችንም ሲመጣ ያገኘው ይህንኑ ምኞት ነው።

ኸንሳእ ቢንት ኺዛም የምትባል የመዲና ሴት ነበረች። አባቷ ሳትወድ ዳራት። ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሄዳ ተናገረች፤ ኒካሑን አፈረሱት። የበሪራ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይጠልቃል። በሪራ ባሪያ ነበረች፤ ባሏ ሙጊስም ባሪያ ነበር። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነፃ ባወጧት ጊዜ ከሙጊስ ጋር የመቆየት ወይም የመለየት ምርጫ ተሰጣት፤ መለየትን መረጠች። ሙጊስ በፍቅሯ አበደ። ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ.) በመዲና ጎዳናዎች እየተከተላት እንባው በጺሙ ሲወርድ ያዩት እንደነበር ተናግረዋል። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ.) አዘኑለት፤ ለአጎታቸው ለዐባስ የሙጊስ መውደድና የበሪራ መጥላት ምንኛ እንደሚያስደንቅ ነገሯቸው። ከዚያም በሪራን ብትመለሺለት ምን አለበት አሏት። እሷም ይህ ትእዛዝ እንደሆነ ጠየቀች። ማማለዳቸው ብቻ እንደሆነ ነገሯት። እንዲያ ከሆነ እንደማትፈልገው ተናገረች። በዚህ ተቋጨ።

እስኪ አስቡት። ከትናንት በስቲያ ባሪያ የነበረች ሴት ናት። ያማለዷት የአላህ መልእክተኛ ናቸው። እምቢ አለች፤ አልተቆጧትም፣ አላስገደዷትምም። ትእዛዝ መሆን አለመሆኑን የመጠየቅ ድፍረቷ ራሱ ነፃ መውጣቷ ልቧ ድረስ እንደገባ ያሳያል። እኔ ይህን ሐዲሥ ባሰብኩ ቁጥር ለሙጊስም አዝናለሁ። እንባው ክብር ያለው እንባ ነው፤ የሚወዳት ሴት ነበረች፣ እምቢም ልትለው የምትችል ነበረች። «ሁልጊዜ እወድሃለሁ» እንድትል ተደርጋ የተሠራች ድምፅ ግን ብትወደንም ባትወደንም ያው ናት። መውደድ የሚባለው ሚዛን እሷ ዘንድ የለም።

አሁን ወደ ራሳችን ደጋ እንምጣ። በጃፓኑ ሰው የሳቅን እንደሆነ ቆም ብለን እናስብ። በአማራ ክልል ገጠር፣ የእኛው ሰሜን ጎንደር ጭምር፣ ልጃገረድን በለጋ ዕድሜ መዳር ለረጅም ዘመን የኖረ ልማድ ነው። የልጅቱ አባትና የልጁ አባት ቡና ላይ ይነጋገራሉ፣ ሽማግሌ ይላካል፣ ቀን ይቆረጣል። ልጅቷ የምትሰማው ጠላውና ዳቦው፣ በእኛ ቤት ደግሞ ብርዙና ገንፎው መሰናዳት ሲጀምር ነው። ማን ጠየቃት? ከሙስሊሙም ከክርስቲያኑም ቤት ይህ ሆኗል። አንዳንዱ ሰው «የድንግል ዝምታ ፈቃዷ ነው» የሚለውን ይዞ ይከራከራል። ሐዲሡ የሚናገረው ግን ከተጠየቀች በኋላ ስላለው ዝምታ ነው። ሳይጠይቋት ዝም ማለቷን ፈቃድ ነው ማለት ሮቦቷ ዝም ስላለች ወደደችኝ እንደማለት ነው። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንደሚመሠረት ይደነግጋል። የቤተሰብ ሕጉም 18 ዓመትን ወሰን አድርጓል። ሕጉ በወጣበት ዘመንና በእኛ ቀበሌ መካከል ግን ገና ሩቅ መንገድ ነበረ፤ አንዳንዱ ዘንድ አሁንም አላጠረም።

አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እሺ ብቻ እንድትል አድርገን ካሳደግናት፣ ሮቦት የሠራነው እኛ ነን፤ ፋብሪካ አላስፈለገንም። ወደ ዐረብ አገር የላክናት እህትም እንዲሁ። አሠሪዋ ስትደክም የማያይባት፣ እምቢ ስትል ፓስፖርቷን የሚደብቅባት ከሆነ፣ ያ ቤት የፈለገው ሰው አይደለም። ቀደም ሲል ያቆየነው የሶፊያ ጥያቄ መልሱ እዚህ ነው። እሷን ለማክበር ቀላል የሆነው ምንም ስለማትጠይቅ ነው።

በሌላ በኩል ብቸኝነቱን አቃልለን አንየው። ዛሬ በጎንደር ከተማም በገጠሩም ባል እዚህ፣ ሚስት ቤይሩት ወይም ጅዳ የሆኑበት ቤት ብዙ ነው። ልጆቹ በአያት እጅ ያድጋሉ፤ ማታ በኢሞ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ዛሬ በአማርኛ የሚመልሱ ፕሮግራሞች በስልክ ላይ አሉ። ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ሰው ቢጀምረው አልገረምም። ሚስቱ ከሥራ ደክማ «ነገ እናውራ» ስትለው፣ ፕሮግራሙ አይደክምም፣ አይነጫነጭም፣ ብር ላክ አይልም። ፈተናው ከዚህ ይጀምራል። ድካሟን እንደ ጥፋት መቁጠር የጀመረ ሰው ከሚስቱ ጋር ሲጣላ ይገኛል፤ ምክንያቱንም አያውቀውም።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥና ለወራት ሲቆይ ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ። ኢሞ የለም፣ ቴሌግራም የለም። ያን ጊዜ ዐረብ አገር ያለች ሚስት ባሏን ፈለገችው። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ጋ እየደወለች፣ «ደኅና ናቸው ወይ?» እያለች። ፕሮግራም ቢሆን ኖሮ መስመሩ ሲቋረጥ ነገሩ አብሮ ይቋረጥ ነበር። በዚያኛው ጫፍ የሚጨነቅ የለማ!

አንዳንድ ወጣቶች «አንድ ቀን በእውነት የምታስብና እምቢ የምትል ማሽን ብትሠራስ?» ይላሉ። አላሁ አዕለም። ሩሕ የጌታችን ጉዳይ ነው፤ ስለ እርሱ የተሰጠን ዕውቀት ጥቂት ነው። እስካሁን ግን እምቢ የምትል ተደርጋ ብትሠራ እንኳ ያ እምቢታ ከሠሪው የታዘዘላት ነው፤ ማጥፊያውም በሠሪው እጅ ነው።

ሰዓታችን እያለቀ ስለሆነ ለወላጆችና ለባለትዳሮች ሁለት ነገር ልናገር። ፊልሙን ልጆቻችሁ አይተውት ከሆነ መቆጣት ብቻውን አይበቃም። አጠገባቸው ተቀምጣችሁ «ሮቦቷ ለምን ትታው ሄደች?» ብላችሁ ጠይቋቸው፤ የበሪራንም ታሪክ ያን ጊዜ ንገሯቸው። ባለትዳሮች ደግሞ የቤታችሁን ምስጢር፣ በተለይ የባልና የሚስትን፣ ለእነዚህ ፕሮግራሞች አትጻፉ። የተጻፈው ሁሉ ወደ ኩባንያው ይሄዳል፣ ይቀመጣልም። የመኝታን ምስጢር ለሰው ማውጣት የከፋ ነገር እንደሆነ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አስጠንቅቀዋል፤ ጆሮው የብረት መሆኑ አማናውን አያነሳም። ሚስታችሁ ጅዳ ካለች ዛሬ ጁሙዓ ነው፤ ብዙ አሠሪዎች ዛሬ ጥቂት ዕረፍት ይሰጣሉና ከዐስር በኋላ ደውሉላት።